አዲስ የዓሣ ገንዳ፦ ውሃው ነጣብኝ፣ ዓሦቹም ላይ ላይ እየተነፈሱ ነው፣ ምን ላድርግ?

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆቼ ዓሣ ገዝቼላቸው ነበር፣ አሁን ግራ ገብቶኛል። ገንዳው 60 ሊትር ነው፣ ፊልተርና መብራት አብሮት መጥቷል። ሻጩ «ውሃውን አንድ ሌሊት አሳድሪና ዓሦቹን ጨምሪ፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» ነው ያለኝ። እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። ሦስት ጎልድፊሽና ስምንት ጉፒ ነው የገዛሁት፣ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ልጆቹም ቴሌቪዥኑን ትተው እሱን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ግን እየነጣ መጣ፣ አሁን ከጀርባው ያለው ግድግዳ እንኳ በደንብ አይታይም። ሁለት ጉፒ ሞተው አገኘን። የቀሩት ውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

እናቴ የቧንቧው ውሃ ነው የፈጃቸው፣ ሃይላንድ ግዢላቸው ትላለች። ባለቤቴ መድኃኒት ይገዛ ይላል። እኔ ደግሞ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ፣ ጠጠሩንም ፊልተሩንም በላርጎ ጥርግ አድርጌ አጥቤ እንደ አዲስ ልጀምር እያልኩ ነው። የቱ ነው የሚሻለው? ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ፣ ትንሿ ልጄ እየተመላለሰች ትቆጥራቸዋለች።

ጉፒ_ቤት፦

እህቴ፣ ላርጎውን አስቀምጪው! ሳሙና የሚባል ነገር ገንዳው አጠገብ አይድረስ፣ ትንሽ ቅሪት እንኳ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል። ፊልተሩንም አትንኪው። የምትፈልጊው ነገር ሁሉ እዚያ ስፖንጅ ውስጥ ነው ገና መብቀል የጀመረው።

መጀመሪያ የዛሬውን እንጨርስ። ግማሹን ውሃ ቅጂና በሌላ ውሃ ተኪ። አዲሱ ውሃ ከክሎሪን የጸዳ መሆን አለበት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይቀራረብ፣ እጅሽን ሁለቱም ውስጥ ከተሽ ልዩነቱ ካልተሰማሽ ይበቃል። ያደረ ውሃ ከሌለሽና ከቸኮልሽ ውሃ አፍዪና አቀዝቅዢው፣ ሲፈላ ክሎሪኑ ይወጣል። ግን ሲፈላ ኦክስጅኑም አብሮ ስለሚወጣ ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርገሽ ደጋግመሽ ገልብጪው። ከዚያ የፊልተሩን መውጫ ወደ ላይ አዙሪው፣ የውሃው ፊት እንዲናወጥ። አየር ወደ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ምግብ ለሁለት ቀን አትስጪ። ዓሣ ሁለት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም፣ ልጆቹን ማሳመኑ ነው የሚከብደው።

ነገም ከነገ ወዲያም እንደዚሁ ከሩብ እስከ ግማሽ ቀይሪ። ሙሉውን ግን አትድፊ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ዓሣ በስንጥቡም በዓይነ ምድሩም አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ብዙ ውሃና ብዙ ባክቴሪያ ስላለ ዓሣው ሳይሰማው ያልፋል፣ 60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን የትም አይሄድም። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ይሄኛው ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፣ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «ውሃውን አሳድሪው» የሚለው ምክር ክሎሪኑን ያስወጣል እንጂ ባክቴሪያውን አያመጣም። ባክቴሪያው በቂ እስኪሆን በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ያንን ጊዜ ከዓሦቹ ጋር ነው የምታሳልፊው ማለት ነው። ይቻላል፣ ግን ባልዲውን ቅርብ አድርጊው።

ነጩ ነገር በራሱ አያስፈራሽ። ያም ባክቴሪያ ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት፣ በምግብ ትርፍራፊ የሚራባ። ቶሎ ቶሎ ነው የሚራባው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይታያል። ችግሩ ኦክስጅን ይሻማል። በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ በመድኃኒት አትነካኪው፣ አንዳንዱ መድኃኒት ጠቃሚውንም ባክቴሪያ ይገድለዋልና።

ላብራቶሪ_ሰው፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ልጨምር ምክንያቱም ያለ ቁጥር ሁሉም ግምት ነው።

የሚለካው አራት ነገር ነው፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ)። የበሰለ ገንዳ ውስጥ፣ ማለትም ባክቴሪያው በቂ የሆነበት፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ናቸው፣ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ናይትሬት ከ40 ሚሊግራም በሊትር በታች ይሁን፣ ከ20 በታች ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። መለኪያ ስትገዢ ጠብታ ያለውን ፈልጊ፣ ውሃ ውስጥ ከሚነከረው ወረቀት ይልቅ ይታመናል። እዚህ አገር ካጣሽ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አስመጪ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የሚይዝ ነገር አይደለም።

ፒኤች ለምን እንደሚለካ ብዙ ሰው አይገባውም። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ነው የሚገኘው፣ አንዱ በጣም መርዛማ፣ ሌላው ብዙም የማይጎዳ። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ያው አሞኒያ፣ ያው ገንዳ፣ አደጋው ግን ወደ አስር እጥፍ ይጠጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንዱ ሰፈር ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የመጣ ውሃ ያገኛል፣ አንዳንዱ ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የጓደኛሽ ገንዳ ላይ የሠራ ነገር አንቺ ቤት ላይሠራ ይችላል፣ ከተማው አንድ ቢሆንም።

ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪልኝ፣ ሃይላንድ አያስፈልግም። ወጪውም አይቻልም፣ በየሳምንቱ 15 ሊትር ልትገዢ ነው? ደግሞም ማዕድን ያለው ውሃ ለባክቴሪያው ይመቸዋል። አሞኒያው ሲቀየር ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ያዘነብላል፣ ይህን የሚመክተው በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ነው። እሱ ካለቀ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያው ሥራውን ሊያቆም ምንም አይቀረው። የቧንቧ ውሃ ጥፋቱ ክሎሪኑ ብቻ ነው፣ እሱም በቀላሉ ይወጣል።

ናይትራይት ከታየብሽ ደግሞ የወጥ ቤት ጨው ይረዳል። ናይትራይት በስንጥቡ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ያበላሸዋል፣ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይሻማዋል። ለ40 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፣ መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ አሟሚው። አዮዲን ያለበት መሆኑ በዚህ መጠን አይጎዳም።

አልፎ_ሂያጅ፦

ይሄ ሁሉ ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል። ሴትዮዋን አስፈራራችኋት። እኔ መለኪያ የሚባል በእጄ ነክቼ አላውቅም፣ ዓሦቼ ይወልዳሉ። ዓሣውን እዩት፣ ክንፉን ዘርግቶ ከዋኘ ደህና ነው፣ ክንፉን ከሰበሰበና ጥግ ከያዘ ውሃ ቀይሩ። በቃ። ብዙ ተክል አድርጉበት፣ ተክል አሞኒያውን ይበላዋል። ቤት ውስጥ የሚንጠለጠለውን መኒ ፕላንት ቆርጣችሁ ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ፣ ቅጠሉን ውጪ አድርጉት፣ ያድጋል ታያላችሁ።

ላብራቶሪ_ሰው፦

@አልፎ_ሂያጅ መኒ ፕላንቱ ላይ አንከራከርም፣ በጣም ጥሩ ምክር ነው፣ ነፃም ነው። ግን ዓሣ ክንፉን ሲሰበስብ እኮ ጉዳቱ ደርሷል። የአንተ ገንዳ የቆየ ስለሆነ በዓይን ይያዛል። የእሷ ገና ነው። አሞኒያ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ እሷ የገጠማትም ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው ጥርት ያለ ነበር ብላለች፣ አሞኒያው ግን ያኔም እየተጠራቀመ ነበር።

ዲሲ_ነዋሪ፦

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። እዚህ የከተማው ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተቀላቅለው። ይሄ እንደ ተራ ክሎሪን በማሳደር አይወጣም፣ ቀናት አስቀምጣችሁትም እዚያው ነው። የግድ የውሃ ማስተካከያ ጠብታ ያስፈልጋል፣ እሱም ክሎሪኑን ብቻ ሳይሆን አሞኒያውንም የሚይዝ ዓይነት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ክሎራሚኑ ሲሰበር አሞኒያው ይለቀቃል። በየዓመቱ ጸደይ ላይ ደግሞ ቧንቧውን ለማጽዳት ብለው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይሩታል፣ ያኔ ውሃው እንደ መዋኛ ገንዳ ይሸታል። ሌላ ከተማ ያላችሁ የውሃ ድርጅታችሁን ዓመታዊ ሪፖርት እዩ፣ የሚጠቀሙት የቱን እንደሆነ ይጽፋሉ።

አዲስ አበባ ግን ክሎሪን ስለሆነ ማሳደሩ ይሠራል። ባልዲውን ሳትከድኑ፣ አፉ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ አየር የሚነፋ ኤር ፓምፕ ከገባበት ደግሞ ይፈጥናል።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ግማሹን ቀየርኩ፣ ፊልተሩንም ወደ ላይ አዞርኩት። ዓሦቹ ትንሽ ወረድ ብለው መዋኘት ጀምረዋል። እናቴ አሁንም አላመነችም።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው፣ እሱንም ማሳደር አለብኝ? መብራትም ይጠፋል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ፊልተሩ ሲቆም ባክቴሪያው ይሞታል? እና ሂተር የሚባል ነገር አብሮ አልመጣም፣ ያስፈልጋል? ማታ ማታ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ውሃውን ስነካው ብርድ ነው።

ጉፒ_ቤት፦

ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንሳል፣ ግን ትናንት ማታ ሞልቶ ከሆነ አዲስ ነው፣ የተከደነም ነው። ስለዚህ አሳድሪው፣ ምን ይጎዳሻል። አንድ ባልዲ ሁልጊዜ ሞልተሽ በረንዳ ላይ አስቀምጪ፣ ውሃ በማይመጣበት ሳምንትም መጠባበቂያ ይሆንሻል። ባልዲው ለዓሣ ብቻ ይሁን፣ በረኪና የነካው ባልዲ አይሆንም።

መብራቱ ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውጭ ሰዎች በቪዲዮ «በዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ ባሕር ጠለል ላይ ሆነው ነው፣ እኛ ከዚያ መቀነስ አለብን ባይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የውሃው ፊት ጸጥ ይላል፣ ኦክስጅን አይገባም። ስለዚህ በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ግዢና ፓወር ባንክ ላይ ሰኪያት፣ በጣም ትንሽ መብራት ነው የምትበላው። ከሌለሽ በጆግ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺ፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል።

ባክቴሪያው ወዲያው አይሞትም። ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ክፍት ከሆነ ከዓሦቹ እኩል ኦክስጅን ያገኛል። አደገኛው ከገንዳው ውጪ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ነው፣ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ይታፈናል፣ ይሸታል። እንደሱ ከሆነ መብራቱ ሲመጣ ዝም ብለሽ አታብሪው፣ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፊ።

ሂተሩ እንግዲህ ዓሣው ላይ ነው የሚወሰነው፣ እና እዚህ ላይ መናገር የፈራሁትን ልናገር። ጎልድፊሽና ጉፒ አብረው አይሄዱም። ጉፒ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይወዳል፣ ጎልድፊሽ 20 አካባቢ ይመቸዋል። ጎልድፊሽ ካደገ ከአንድ ጎረምሳ መዳፍ ይበልጣል፣ አፉ ሲሰፋ ትንንሾቹን ጉፒዎች ይውጣቸዋል። ቆሻሻውም ብዙ ነው፣ ሦስት ጎልድፊሽ በ60 ሊትር ውስጥ ባክቴሪያው የበሰለበት ገንዳንም ያስቸግራል። ሻጩ ይህን ነበር መናገር የነበረበት። እኔ ብሆን ጎልድፊሾቹን ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው እሰጥና ለጉፒዎቹ ሂተር እገዛለሁ። 60 ሊትር ስለሆነ 50 ወይም 75 ዋት ይበቃል፣ ቤቱ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ 75ቱን። ባክቴሪያውም በሙቀት ነው ቶሎ የሚራባው። ጠዋት ብርድ በሆነ ውሃ ያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያልኩሽ ይረዝማል።

ላብራቶሪ_ሰው፦

ስለ ባክቴሪያው ፍጥነት አንድ ነገር፣ ምክንያቱም በጠርሙስ የሚሸጠውን ግዢ የሚልሽ አይጠፋም። አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች በእጥፍ ለመጨመር ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ይፈጅባቸዋል። ናይትራይት የሚበሉት ደግሞ የበለጠ ይዘገያሉ። ብዙ ዘመን ናይትራይቱን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የጨው አልባ ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ናይትሮስፒራ የሚባሉት መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈና ፀሐይ ላይ ያልቆየ ከሆነ ይረዳል፣ ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ሲጓጓዝ እንዴት እንደቆየም አይታወቅም። የሌላ ሰው የበሰለ ስፖንጅ ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል።

ገና ዓሣ ላልገዛችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ መጀመሪያ ገንዳውን ብቻ አስነሱ። ፊልተሩን ክፈቱ፣ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት፣ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያውን የሚቀልበው እሱ ነው። አሞኒያ ከፍ ይልና ይወርዳል፣ ቀጥሎ ናይትራይት ከፍ ይልና ይወርዳል፣ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ዓሣ ግዙ፣ ያውም ጥቂት ጥቂት። ፊልተሩ ውስጥ ለባክቴሪያው ማደሪያ የሚሆን ውድ ሴራሚክ መግዛት ካልቻላችሁ ለመንገድ የሚደለደለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የሚሉት፣ በደንብ ታጥቦና ተቀቅሎ ይሠራል። ሌላ ድንጋይ ከሆነ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል።

አልፎ_ሂያጅ፦

ሬድ አሹ ላይ ተስማምተናል 😄 እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። አንድ ልጨምር፣ ምግብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ የምግቡን ቆርቆሮ ቁም ሣጥን ላይ ስቀሉት፣ ከአሞኒያ ሁሉ የሚብሰው የልጅ እጅ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሳቄን ነው ያመጣኸው፣ ምግቡን አሁኑኑ ሰቀልኩት። ጎልድፊሾቹን የሚወስድ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ ልጆቹን አሳምኛለሁ። የበሰለ ስፖንጅ የምታካፍሉኝስ አላችሁ?

ጉፒ_ቤት፦

እኔ አለኝ። እንደ እርሾ በይው፣ ከእኔ ቆርጠሽ ያንቺ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ፣ ከዚያ በራሱ ይሠራል። ዓሦቼ ጤነኞች ናቸው፣ በሽታ ይዞብሽ አይመጣም። አራት ጣት የሚያህል ቁራጭ ፊልተርሽ ውስጥ ከአሮጌው ስፖንጅ አጠገብ ጠቅ አድርጊው። ከዚያም ቢሆን ወዲያው ዓሣ አትጨምሪ፣ አሞኒያና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆን ጠብቂ። ስፖንጁን ስታጥቢ ደግሞ ሁልጊዜ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ በቧንቧ ስር አይሆንም።

ጎልድፊሾቹንም ይዘሻቸው ነይ፣ ጓሮ ውስጥ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለኝ። በግል መልእክት ጻፊልኝ፣ ሰፈሩን እነግርሻለሁ። ክዳን ያለው ዕቃ ይዘሽ ነይ፣ ስፖንጁ በእኔ ገንዳ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው የምትወስጂው። መንገድ ላይ ከደረቀ ወይም ዕቃው ፀሐይ ላይ ከቆየ ባክቴሪያው ያልቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ነይና በቀጥታ ቤት ግቢ።